ጫቱ የሚፈጥንባት፣ ጥናቱ የሚዘገይባት ከተማ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ ወደ ሰባት ሲጠጋ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሥራ ሁሉ ይላላል። በማለዳ የተከፈቱት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የሱቆች የብረት መዝጊያ ይወርዳል፤ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት ሰዉን ወደ ጥላ ይገፋዋል። መንገድ ላይ የሚቀረው የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ነው። በመሀል ከተማው ሰፈሮችም ሆነ በዳርቻው ሰፈር በባልባላ፣ በየማዕዘኑ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶች አሉ፤ ጆንያቸውን በውኃ አርሰው አዘጋጅተዋል። ድንገት የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ጫቱ ገባ! ዙርባው ከመኪና ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ገዢ እጅ ይሸጋገራል፤ ለጥቂት ጊዜ ጩኸትና ግፊያ ይሆናል። ከዚያ ከተማዋ እንደገና ጸጥ ትላለች። ቃሚው ሶማሌዎቹ ማብራዝ ወደሚሉት የመቃሚያ ክፍል ገብቷል፤ ፍራሹ ላይ ተደግፎ፣ ቀዝቃዛ ውኃውንና ሻዩን አጠገቡ አድርጎ በርጫውን ጀምሯል። ሱቆቹ ወደ ማምሻው እስኪከፈቱ ድረስ የጅቡቲን መንገድ የሚያገኙት ፍየሎችና ድመቶች ናቸው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ትዕይንት ባዕድ አይደለም፤ ቅጠሉም የእኛው ነው። በሐረርጌ ደጋ ተቀጥፎ፣ አወዳይ ላይ ተጠቅልሎ፣ በድሬዳዋ በኩል አንዳንድ ዘመን በአውሮፕላን፣ አንዳንድ ዘመን በመኪና ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1975 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ላቦራቶሪ ከለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ቀጥሎም ጄኔቫ ላይ ይሠሩ የነበሩት የመድኃኒት ተመራማሪ ፔተር ካሊክስ ካቲኖን በአንጎል ውስጥ የሚሠራው አምፌታሚን በሚሠራበት መንገድ መሆኑን በ1980ዎቹ ባወጧቸው ጽሑፎች አሳዩ። ችግሩ ካቲኖን ዕድሜው አጭር ነው። ቅጠሉ ተቀጥፎ ሲጠወልግ ካታይን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ምርቃናውም አብሮ ይቀንሳል። ሴቶቹ ጆንያ የሚያርሱት፣ ሹፌሩም ጥሩንባ እየነፋ የሚሮጠው ለዚህ ነው። አንድ ሙሉ ከተማ ሰዓቱን ያስተካከለው በአንድ ሞለኪውል ዕድሜ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ታዲያ ይህ ቅጠል በየቀኑ ሲገባበት ለኖረ አእምሮ ምን ያደርገዋል? ጥያቄውን በሳይንስ መጽሔቶች ውስጥ ለመከታተል የሞከረ ሰው በግርጌ ማስታወሻዎቹ ላይ አንድ ስም ደጋግሞ ያገኛል፤ ሚኻኤል ኦደንቫልት።

ኦደንቫልት በደቡብ ጀርመን ጫፍ፣ በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናቸው። የወጡበት የምርምር ቡድን በጦርነት የቆሰለ አእምሮን በማጥናት ይታወቃል፤ የቡድኑ አባላት ፍራንክ ኖይነር፣ ማጊ ሻወርና ቶማስ ኤልበርት፣ ተጎጂው የሕይወቱን ታሪክ ከነክፉ ቀኑ በቅደም ተከተል እየተረከ የሚታከምበትን ዘዴ አበጅተው በኡጋንዳ የስደተኞች መጠለያ ድረስ ሄደው ፈትነውታል። ኦደንቫልትንም ወደ አፍሪካ ቀንድ ያመጣቸው በመጀመሪያ ጦርነት ነው። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በሶማሊላንድ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ፕሮግራም ነበረው። መሣሪያ ያስቀመጠ ሁሉ ግን በሥልጠና ብቻ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ የአንዳንዶቹ አእምሮ ታሞ ነበር፤ ጫቱም ከሕመሙ ጋር ተጣምሮ ይታይ ነበር። ከጅቡቲ በደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ጎረቤት ከተማ በሃርጌሳ ጥናቱ የተጀመረው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ውጤቱ በ2005 ቢኤምሲ ሜዲስን በተባለው መጽሔት ታተመ። የሠለጠኑ የአገሬው ጠያቂዎች ስለ 4,854 ሰዎች መረጃ ሰበሰቡ፤ የሚፈልጉት በከባድ የአእምሮ ችግር ምክንያት የዕለት ኑሮውን መምራት ያቃተውን ሰው ነበር። ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑት ወንዶች መካከል 8.4 በመቶው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ይህ ብቻውን ከባድ ቁጥር ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ክፍፍል ደግሞ ይብሳል። ጦርነት ካላዩት ወንዶች 3.2 በመቶ፣ ጦርነትን በሲቪልነት ካለፉት 8 በመቶ፣ ተዋጊ ከነበሩት 15.9 በመቶ። በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ሲረጋገጥም ከተለዩት ሰዎች 83 በመቶው ላይ ጎልቶ የሚታየው ችግር ሳይኮሲስ ሆነ፤ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያልመጣ ጠላት ማየት፣ ዓለሙ ሁሉ በእኔ ላይ ተነሥቷል ማለት።

ከዚያ ጫቱ መጣ። ተመራማሪዎቹ የታመሙትን ከጤነኛ አቻዎቻቸው ጋር አነጻጸሩ። የታመሙት ጫት የጀመሩት ከአቻዎቻቸው ቀደም ብለው፣ በለጋ ዕድሜያቸው ነበር። ምልክቶቹ እስኪታዩ ድረስ በአማካይ 8.6 ዓመት ቅመዋል። አብዛኞቹም ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በቀን ከሁለት ዙርባ በላይ ወደሚጨርስ አቃቃም ገብተው ነበር፤ ጤነኞቹ አቻዎች ግን አልፎ አልፎ የሚቅሙ ናቸው። ጥናቱ ሁሉም ቃሚ ያብዳል አይልም። የሚለው በየትኛው ዕድሜና በምን መጠን የቃመ ሰው ከታማሚዎቹ ጎራ በዝቶ እንደተገኘ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ የመን ያሉ እናቶች በልጆቻቸው ላይ ሲጠረጥሩት የኖሩት ነገር እዚህ ላይ ልክ ወጥቶለታል፤ ጥናቱን ዋጋ የሰጠው ይህ ይመስለኛል።

ገደቡን አለመናገር ግን ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። ታማሚውና አቻው ስለ ጫት ታሪካቸው የተጠየቁት ወደ ኋላ ተመልሰው በማስታወስ ነው። ሕመሙ ሊጀምረው ያለ ወጣት፣ ውስጡ የሚረብሸውን ለማስታገስ ቀድሞ ወደ ጫት ሄዶ ሊሆንም ይችላል። ወይም ጦርነቱ ሁለቱንም፣ ሕመሙንም ጫቱንም አምጥቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተነሣ የከተማ ምስል የትኛው የትኛውን እንደወለደ አይፈታም። ኦደንቫልትም ቀጣዮቹን ዓመታት ያሳለፉት ይህችን ቋጠሮ ለመፍታት ሲደክሙ ነው።

በ2007 ፕሎስ ሜዲስን ላይ የወጣው ሥራ ከሃርጌሳ ወጥቶ በሰባት የሶማሊያ አካባቢዎች የነበሩ 8,723 ታጣቂዎችን የያዘ ነበር፤ ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው ሳምንት ጫት የቃሙት 36.4 በመቶ ሆኑ። ቀጥሎ ጥናቱ ናይሮቢ ወደሚኖሩት የሶማሌ ስደተኞች፣ ከዚያም ጫት ወደሚበቅልበት የኬንያ ገጠርና ወደ ጅማ አቀና። አንድ ሰው የምርምር ዕድሜውን በአንድ ቅጠልና በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲያውል ማየት በዛሬው ፈጣን የምርምር ዓለም ውስጥ ተራ ነገር አይደለም።

የሃርጌሳው ጥናት የወጣበት 2005 በሌላም ነገር ይታወሳል። በዚያው ዓመት ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የአንድን ተመራማሪ ክብደት በአንድ ቁጥር ለመግለጽ የሚያስችል ቀመር አቀረቡ፤ ኤች-ኢንዴክስ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ምሁር ካሳተማቸው ጽሑፎች ውስጥ አሥሩ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ በሌሎች ከተጠቀሱ ቁጥሩ አሥር ይሆናል። ሃያ ጽሑፎች ሃያ ሃያ ጊዜ ከተጠቀሱ ሃያ። አንዱ ጽሑፍ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስና ሌሎቹ ቢረሱ ቁጥሩ ከፍ አይልም፤ መቶ ጽሑፍ ጽፎ ማንም ካላነሣቸውም እንዲሁ።

ይህ ዓይነቱ ቆጠራ ከሂርሽ በፊትም ሥር ነበረው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ሐሳቡን በ1955 አቅርበው፣ በ1964 ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳየውን ትልቅ ማውጫ ማሳተም ጀምረዋል። የጋርፊልድ የመጀመሪያ ዓላማ ለተመራማሪው መንገድ ማሳየት ነበር፤ አንድ ሐሳብ ከተነገረ በኋላ ማን ተቀበለው፣ ማን ተቃወመው፣ ማን አሻሻለው ብሎ ለመከታተል። ቆየት ብሎ ግን ማውጫው የሹመት፣ የደመወዝና የምርምር ገንዘብ መለኪያ ሆነ። በ2004 መጨረሻ ጉግል ስኮላር ሲከፈት ደግሞ ቆጠራው ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ በማንኛውም ሰው ስልክ ላይ ገባ። ዛሬ የጅማ ወይም የጅቡቲ የማስተርስ ተማሪ የአንድን ሊቅ ስም ጽፎ ቁጥሩን በሰከንድ ያያል።

ቁጥሩ ምን እንደማያይ ማወቅ ታዲያ ግድ ነው። ሳይኮሎጂ ውስጥ የተጠቀሰ ጽሑፍ ሁሉ የተመሰገነ አይደለም። ልክ ነው ብሎ የጠቀሰውም፣ ስሕተት ነው ብሎ የጠቀሰውም፣ ሳያነብ ከሌላ ሰው ዝርዝር ላይ የገለበጠውም እኩል አንድ አንድ ይቆጠራሉ። ማውጫው መሟገትን ከመስማማት አይለይም። የጫት ጥናት ደግሞ ሙግት የበዛበት ነው።

በ2007 ሶሻል ሳይንስ ኤንድ ሜዲስን ላይ አንድ ጠንካራ የግምገማ ጽሑፍ ወጣ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሶማሌው ምሁር ናስር ዋርፋ ናቸው፤ በለንደን ሆነው የሶማሌ ስደተኞችን የአእምሮ ጤና ያጠኑ ነበር። ዋርፋ፣ አክሰል ክላይንና ባልደረቦቻቸው በጫትና በአእምሮ ሕመም መካከል አለ የሚባለውን ግንኙነት አንድ በአንድ መርምረው፣ ጫት ሕመሙን ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ገና አልተሰበሰበም አሉ። ሥራ ማጣት፣ ስደት፣ የቤተሰብ መበተን፣ የጦርነት ትዝታ እያሉ ሁሉን ነገር ወደ ቅጠሉ መግፋት ልክ አይደለም የሚል ነበር ክርክራቸው። ኦደንቫልትም በዚያው ዓመት የራሳቸውን የጽሑፎች ቅኝት አሳተሙ፤ በእሳቸው ንባብ በተለይ ያለ ልክ የሚቅመው ሰው አደጋ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል።

ሁለት ወገን ሆነው እንዲህ ከተከራከሩ በኋላ የሆነው ነገር እኔን በጣም ይስበኛል። በ2010 ጆርናል ኦፍ ኢትኖፋርማኮሎጂ ስለ ጫት አንድ ልዩ እትም ሲያወጣ፣ የመግቢያውን ጽሑፍ የፈረሙት ኦደንቫልት፣ ክላይንና ዋርፋ በአንድነት ናቸው። ተከራካሪዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ወግ፣ ንግድና ሰቆቃ በአንድ ቅጠል ውስጥ እንዴት እንደተጋመዱ ጻፉ። በማውጫው ላይ ይህ የሦስት ገጽ መግቢያ ከትልልቆቹ ጥናቶች አጠገብ ትንሽ መስመር ነው። በእኔ ሚዛን ግን ስለ ሊቅነት ከኤች-ኢንዴክስ ይልቅ ብዙ ይነግራል፤ የምርምር ሰው ተቃዋሚውን ፍለጋ ሄዶ አብሮት ሲሠራ ማየት ብርቅ ነውና።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው ታሪክ ከዚህ ቀደም ይላል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለችው ቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተመሠረተው በ1980ዎቹ ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አታላይ ዓለም በ1997 በኡሜኦ የዶክትሬት ሥራቸውን ያቀረቡት ከዚያ ገጠር በሰበሰቡት መረጃ ነበር፤ የአእምሮ ጭንቀት፣ ራስን የማጥፋት ሙከራ፣ የጫትና የአልኮል አጠቃቀም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከደረጀ ከበደና ከጉናር ኩልግሬን ጋር አክታ ሳይካያትሪካ ስካንዲናቪካ በተባለው መጽሔት ተጨማሪ ዕትም ላይ ያወጡት የጫት ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ስለ ጫት በሚጻፍ በብዙ የኢትዮጵያ ጥናት መግቢያ ላይ ይገኛል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። 10,468 አዋቂዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ። 55.7 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ጫት ቀምሰዋል፤ 50 በመቶው በጥናቱ ጊዜ ይቅሙ ነበር፤ ከሚቅሙት 17.4 በመቶ በየቀኑ። ለምን ይቅማሉ? 80 በመቶው ለጸሎትና ለዱዓ ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ ሲሉ እንደሆነ ተናገሩ። ይህ የመጨረሻው ግኝት ለእኔ የጥናቱ ልብ ነው። ከተጠየቁት ሰዎች 74 በመቶው ሙስሊሞች ነበሩ፤ ቅጠሉ ከሃይማኖታዊ ጽሞና ጋር አብሮ ኖሯል። ጫትን ሱስ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሐኪም ይህን ሰው አያውቀውም፤ ጫትን ባህል ብቻ አድርጎ የሚያይም የሃርጌሳውን ታማሚ አያውቀውም።

የመጠቀስ ጉዳትም እዚህ ላይ ይታያል። ከቡታጅራ የተገኘው ግማሽ ሕዝብ፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲሸጋገር ሥፍራውን እየጣለ የኢትዮጵያ ግማሽ መምሰል ይጀምራል። የ2011ዱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኋላ ሲተነተን ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚቅመው አዋቂ 15.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በ2015 ፕሎስ ዋን ላይ ወጥቷል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አንዱ የቡታጅራ ነው፣ ሌላው የአገር። ጥናቱን ያነበበ ሰው አይሳሳትም፤ ከሌላ ሰው መግቢያ ላይ የገለበጠው ግን ይሳሳታል፤ ለማውጫው ሁለቱም አንድ ናቸው።

በቡታጅራ የተሠራው ሥራ በመጠቀስ ብዛት የማይለካ ሌላ ፍሬም አለው። እነ አታላይ መቶ የአገር ሽማግሌዎችንና ታዋቂ ሰዎችን ስለ አእምሮ ሕመም ጠይቀው፣ ሕዝቡ ከሐኪም በፊት ጠበልንና ሌሎች ባህላዊ መድኃኒቶችን እንደሚመርጥ አሳዩ። በኋላ በዚያው አካባቢ 68,378 ሰዎች ተጣርተው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ፤ ለዓመታትም ተከታተሏቸው። በ2015 አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት የአሥር ዓመት ክትትል ከ919 ታማሚዎች 121 እንደሞቱ ገለጸ፤ የተቀጠፉትም ሊኖሩ ከሚችሉበት ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ግድም ቀድመው ነበር። እንዲህ ያለ መረጃ አንድ አገር ሐኪሞቿን ለማሠልጠን ስትነሣ በእጇ የምትይዘው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር፣ በአገር ውስጥ የሚሠለጥነው ሐኪም ስለ ኢትዮጵያዊ ታማሚ ከኢትዮጵያ የተገኘ ጽሑፍ ማንበብ ይችል ነበር። ያ ሐኪም ዛሬ በየክልሉ ሆስፒታል የሚያክመውን ሰው የሚቆጥር ኢንዴክስ የለም።

የቡታጅራውና የሃርጌሳው መስመር የተገናኘው ጅማ ላይ ነው። በጊልገል ጊቤ አካባቢ ባሉ ወጣት ወንዶች ላይ የተሠራውና በ2017 ወርልድ ሳይካያትሪ ላይ የወጣው ጽሑፍ፣ ከጀርመን በኩል ክሪስቲና አዶርያንና ኦደንቫልት፣ ከጅማ በኩል ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው የተሳተፉበት ነው። ያገኙት ነገር ዋርፋ በ2007 ያነሡትን ክርክር ባዶ አላስቀረውም። ጫት የሳይኮሲስ ምልክት ይዞ የሚመጣው በተለይ ከባድ የመከራ ታሪክ ባለበት ሰው ላይ እንደሆነ የሚጠቁም ነበር፤ መከራው አእምሮውን ያሳሳዋል፣ ጫቱ በሳሳው ላይ ያርፋል። ጥያቄው ጫት ወይስ ጦርነት ከሚል ወጥቶ፣ ጫት ጦርነት ያለፈበትን ሰው ምን ያደርገዋል ወደሚል ተለወጠ። ከክርክር የተወለደ እውቀት ማለት ይህ ነው።

ሕግ አውጪዎች ግን ይህን ያህል አይታገሡም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጫትን መርምሮ በዓለም አቀፍ የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ይግባ አላለም። የብሪታንያ መንግሥት አማካሪ ምክር ቤትም በ2013 መጀመሪያ ለማገድ የሚበቃ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ መንግሥቱ ግን ምክሩን አልተቀበለም፤ ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ ጫት በብሪታንያ ታገደ። አንድን ጥናት ሁለቱም ወገን ይዞ መቅረብ ይችላል፤ አንዱ ለማገድ፣ ሌላው ላለማገድ። የተመራማሪው ስም በሁለቱም ሰነድ ላይ ሲሰፍር ተጽዕኖው ከፍ አለ ይባላል።

ወደ ጅቡቲ ልመለስ። እስካሁን ያነሣኋቸው ጥናቶች ቡታጅራ፣ ሃርጌሳ፣ ናይሮቢ፣ የኬንያ ገጠር፣ ጅማ ላይ የተሠሩ ናቸው። በአንዳቸውም ጅቡቲ ከተማ የጥናት ሥፍራ አይደለችም። ሰባት ሰዓት ላይ በጫት ጥሩንባ የምትነሣውና የምትቀመጠው ከተማ፣ ስለ ጫትና ስለ አእምሮ በሚጠቀሱት ሥራዎች ሠንጠረዥ ውስጥ የለችም። ይህ የአንድ ተመራማሪ ጥፋት አይደለም። ሥነ ልቦና በአጠቃላይ ሰፊውን የሰው ዘር ሳይጠይቅ የኖረ ሳይንስ ነው። ጄፍሪ አርኔት በ2008 ስድስት የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር መጽሔቶችን ሲመረምሩ ከ2003 እስከ 2007 ከተጠኑት ሰዎች 68 በመቶው አሜሪካውያን፣ 96 በመቶው በበለጸጉት የምዕራብ አገሮች የሚኖሩ ሆነው አግኝተዋቸዋል። በዚህ ሚዛን ሃርጌሳ ራሷ ዕድለኛ ናት።

ጅቡቲን ከሌሎቹ የሚያርቃት ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነው። የጫት ሥነ ልቦና ዋና ዋና ጽሑፎች ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የሃርጌሳውና የታጣቂዎቹ ጥናቶች በነጻ በሚነበቡ መጽሔቶች ላይ በመውጣታቸው ለጅቡቲ ተማሪ ክፍያው አይከለክለውም። የ1999ኙ የቡታጅራ ሥራ ግን የወጣው ለደንበኛ በሚሸጥ መጽሔት ላይ ነው፤ ለራሱ ለቡታጅራ ሰው እንኳ ቅርብ አልነበረም። ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማንበብ ባዕድ አገር ያለ ቤተ መጻሕፍት ደጅ መጥናት የለበትም፤ ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

የጅቡቲው ጥናት ቢሠራ ሌሎቹ ያላዩትን ያያል። በመጀመሪያ ሴቶቹን። በቡታጅራ በየቀኑ የሚቅሙት ሴቶች ከወንዶቹ በጣም ያነሱ ነበሩ፤ የሃርጌሳው ዋና ውጤትም የወንዶች ነው። በጅቡቲ መንገድ ግን ጫቱ የቆመው በሴቶች ጉልበት ላይ ነው። ጠረጴዛው የእነሱ ነው፣ ዕዳው የእነሱ ነው፣ ያልተሸጠው ዙርባ ሲጠወልግ ኪሳራው የእነሱ ነው። ቤት ውስጥ የሚቅም ባልና ወንድ ልጅ እያለ ደጅ ላይ በሚሸጥ ጫት ቤተሰብ ማስተዳደር በአንዲት ሴት አእምሮ ላይ የሚጥለው ሸክም ምን ያህል ነው? ስለ ቃሚው ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ይህን አያገኘውም።

ቀጥሎ የእኛ ሰዎች አሉ። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል፤ ሸክሙን የሚያወጡትና የሚያወርዱት በጋላፊና በደወሌ በኩል የሚመላለሱ ሹፌሮች ናቸው። ሌሊቱን ለመንዳት ይቅማሉ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይጠጣሉ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ዱካክ ይረብሻቸዋል። በወደብ ዳር ተራ ሲጠብቁ የሚውሉት ቀናት፣ ሙቀቱ፣ ከቤት መራቁ፣ ባለፉት ዓመታት በአገራቸው መንገዶች ላይ ያዩት ግጭት፣ የጅማው ጥናት ከጫት ጋር ሲጣመር አደገኛ ነው ካለው የመከራ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እነዚህ ሰዎች የጅቡቲም ዳሰሳ የኢትዮጵያም ዳሰሳ አይደርስባቸውም፤ ቤት ለቤት ለሚሄድ ጠያቂ ቤታቸው የመኪናቸው ጋቢና ነው።

መሣሪያው ከዜሮ የሚጀመር አይደለም። የሃርጌሳው ቡድን ቃለ መጠይቁን ሶማሌኛ በሚናገር ሕዝብ ላይ ፈትኖታል። የአእምሮ ሕመም መለያው ዓለም አቀፍ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ ተገምግሟል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የመናዊ ተወላጅ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሙስጠፋ አል-አብሲ የሚመሩት የጫት ምርምር ፕሮግራምም ከባሕሩ ማዶ፣ አረብኛ ከሚናገሩ ቃሚዎች ጋር ሠርቷል። ገና የሚቀረው የአፋርኛው ነው። ከእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ተናጋሪ በአንድ ጠዋት በእግር ዞሮ ማግኘት የሚቻልባት ሌላ ከተማ በቀንዱ አካባቢ አላውቅም። ቃለ መጠይቁ ግን ጠዋት ማለቅ አለበት፤ የመረቀነ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው መልስ ገና ያልቃመ ሰው ከሚሰጠው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አይገባም። በሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ይገለበጣል፤ እነሱን አግኝቶ ማነጋገር የሚቻለው ጫቱ ካለቀና ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው፤ ጠያቂዋም ሴት ብትሆን ይሻላል።